ለትልቅ መንጠቆ የሚሆን ሞርሳ

ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተካ፣

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ ጉልበትዎን አልያዘብዎትም? ሙኒት፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? የሚካኤል ጠባቂነት ከደጃፍዎ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ፤ ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሷል፣ ጤናዬም አልጎደለም።

ባለፈው ደውዬ «ጋሽዬን አቅርቢልኝ» ብላት ሙኒት «ጆሯቸው ቶርኖ ቤት ቀርቷል፤ የስልክ ወሬ አይሰሙም፣ ብትጽፊላቸው ይሻላል» አለችኝ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በእርሷ ስልክ ልኬልዎታለሁ። እርስዎም ጽፈው ቢሰጧት እንዲሁ ታደርስልኛለች። የልጅ ሚስት እንደ እርሷ ያለች ትሁን።

የምጽፍልዎት ስለ ሞርሳ ለመጠየቅ ነው። ይገርምዎት ይሆናል። ለትምህርት ኮምቦልቻ እርስዎ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ማንም ልጅ ሞርሳዎን እንዳይነካ ይቆጡ እንደነበር አልረሳሁም። ከእናቴ ዘመዶች ሁሉ ደግሞ ብረት የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ በምሠራበት ቤት የአሠሪዬ፣ የማዳም፣ አባት አሉ፤ ባባ እንላቸዋለን። ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ፍቅራቸው ዓሣ ማጥመድ ነው፤ ግን በመረብ ወይም በትል አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር እየጠመጠሙ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር ይሠራሉ። ትልቁ ዓሣ፣ እዚህ ከንአድ የሚሉት፣ እውነት ይመስለውና ይውጠዋል። ስሙን ዝንብ ይሉታል። ዝንብ ይባል እንጂ የመዳፌን ያህላል፤ መንጠቆውም የሌባ ጣቴ ያህል ነው።

መንጠቆውን ነክሳ የምትይዝ ትንሽ ሞርሳ ጠረጴዛው ላይ አለች። የባባ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መጀመሪያ ክሩን እይዝላቸው ነበር። ቀስ በቀስ እርሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጠመጥማለሁ። ዛሬ ሙሉውን የምሠራው እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጓደኞቻቸው መጅሊስ፣ ማለት በወንዶቹ እንግዳ መቀበያ፣ ሲሰበሰቡ ባባ ያድሏቸዋል። ማን እንደሠራው አይጠየቅም፣ አይነገርምም።

አሁን ሞርሳዋ አረጀች። ለትንንሽ መንጠቆ የተሠራች ነች መሰለኝ፣ ትልቁን ስናስነክሳት ይሾልካል። ባለፈው ሳምንት ሾልኮ አውራ ጣቴን ቦጨቀኝ፤ አይጨነቁ፣ ድኗል። ባባ ደንግጠው «ሌላ እንገዛለን። አንቺ ነሽ የምትሠሪባት፣ አንቺ ምረጪ» አሉኝ። በስልካቸው ሦስት ዓይነት አሳዩኝ፤ በብሎን የሚጠብቅ፣ በማንሻ ተጭኖ የሚነክስ፣ ሌላው ደግሞ አንገቱ ዙሪያውን የሚሽከረከር። ለእኔ ሁሉም አንድ መሰለኝ። ጋሽ ተካ፣ ዕድሜ ያለው የትኛው ነው? ሲገዛ ምኑ ይታያል?

ከዚህ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ።

እንደ አባት ያሳደጓት
ፋና


ኮምቦልቻ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የያዝሽው ይባረክ። እኛ እንዳለን አለን። ጉልበቴን ስለጠየቅሽልኝ ከኔ ይልቅ እርሱ ያመሰግንሻል።

ሰው ስለ ሞርሳ ከጠየቀኝ ዘመን የለውም። ደብዳቤሽን ሙኒት ደጋግማ አነበበችልኝ፤ የስልክ ፊደል ደቃቅ ነው። ዝንብ የሚታሰርበት ሞርሳ እንዳለ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ግን ሞርሳ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሥራው አንድ ነው፤ የያዘውን አለመልቀቅ። ሌላው ጌጥ ነው።

መጀመሪያ መንጋጋውን እይ። ብልጭልጩ አያታልልሽ፤ ቅብ ነው። ባለ ሱቁ ከፈቀደልሽ ሞረድ ይዘሽ ሂጂና በማይታይ ጥጉ ላይ አንዴ ሳብ አድርጊበት። ሞረዱ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ትተሽው ውጪ። ሞረዱ ላዩ ላይ ከተንሸራተተ ግን በእሳት ገብቶ ውኃ የጠጣ ብረት ነው፤ እርሱ ይኖራል። ካልፈቀደልሽ ከቤት ትልቁን መንጠቆ ይዘሽ ሂጂ። ቆልማማው ላይ አስነክሺውና በአውራ ጣትሽ ወደ ታች ተጫኚው። መንጠቆው ይጉበጥ እንጂ መንሸራተት የለበትም። መንጋጋው ውስጥ መንጠቆው የሚተኛበት ቦይ ቢኖረው ደግሞ መልካም ነው፤ ትልቅ መንጠቆ በልሙጥ መንጋጋ አይታመንም።

ሁለተኛ፣ መቀመጫው ይክበድ። ክር ስትስቢ አብሮሽ የሚመጣ ሞርሳ ሞርሳ አይደለም። ሦስተኛ፣ መንጋጋው ሲያልቅ መለወጫው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቂ።

የሚሽከረከረውን ተዪው። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይላላል። በብሎን የሚጠብቀውን፣ ቀላሉን፣ መልከ ጥፉውን ግዢ።

ሽማግሌውስ ምን አሉ? ምረጪ ቢሉሽም ዕቃው የእርሳቸው ነው። ዓይናቸው የት ላይ እንዳረፈ ተመልከቺ።

እኔ የምፈልገው የለም። ከተመቸሽ ብቻ፣ ለንባብ የሚሆን መነጽር፣ ጠንከር ያለውን። ለአንድ ሰው ነው።

ሰላምሽን የሚመኝ
ተካ


ኾበር
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተካ፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። እኔም እንደምንም እየጾምኩ ነው፤ ማዳም ለምን ሥጋ እንደማልበላ ስትጠይቀኝ «ሲያም»፣ ጾም፣ እላታለሁ፣ ትስቃለች። ጽሕፈትዎ ጎላ ጎላ ብሎ ደረሰኝ፤ ለስልክ እንዲመች ብለው መሆን አለበት፣ በደንብ አነበብኩት።

ሞርሳውን ገዛን። ባባና እኔ ሄድን፤ የሚነዳልን ኸጣብ ነው፣ የወሎ ልጅ ነው፣ የቤቱ ሾፌር። ባለ ሱቁ ሞረዱን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ባባ «ተዋት፣ ታውቃለች» አሉት። አንደኛውን ሞረዱ እንደ ቅቤ በላው። መለስኩለት። ሁለቱን አልነካቸውም፤ ተንሸራተተባቸው። ከዚያ ትልቁን መንጠቆ አስነክሼ ተጫንኩ። ጎበጠ እንጂ አልሾለከም። ኸጣብ ከኋላዬ ቆሞ «ወላሂ መካኒክ ሆነሻል» አለኝ። ባለ ሱቁም ከዚያ በኋላ ሌላ ዕቃ ሲያሳየን እኔን እያየ ነበር የሚያስረዳው።

የወሰድነው የሚሽከረከረውን ነው። ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን መንጋጋው ውኃ የጠጣ ነው፣ ቦይም አለው፣ መቀመጫውም ከባድ ነው፣ መለወጫም አለው። አንገቱን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ዝንቡ ዞሮ በሁሉም ጎኑ ይታያል። ባባም ተስማሙ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እርሱን አምጣ» አሉ።

መነጽሩን ወደ አገር ለምትገባ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ጠንካራ ነው ብለውኛል። ለማን እንደሆነ ቢነግሩኝ ዕድሜውን ነግሬ የሚስማማውን አስመርጥ ነበር።

ባባ ሞርሳውን ለጓደኞቻቸው ሊያሳዩ ቸኩለዋል።

ልጅዎ
ፋና


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

ጤናሽን ያብዛልሽ። በሞረድ መፈተንሽ አኩርቶኛል። ሥራ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚያደርግ ወንድ ልጅ አጥቼ ነው የኖርኩት።

ስለሚሽከረከረው አልቆጣም፣ ተገዝቷል። አንገቱ ላይ ያለውን ብሎን አታጥብቂው፤ ሲላላ ብቻ ጥቂት መልሺው። ስትጨርሺ መንጋጋውን ከፍተሽ አሳድሪው።

ሽማግሌው በመጀመሪያ የጠቆሙት የትኛውን እንደነበር ግን አልጻፍሽም።

መነጽሩ ደርሷል። ሰውየው አመስግኗል፤ «ትንሽ ደከም ይላል» ብሏል። ከእርሱ የጠነከረ ቢገኝ። ካልተገኘም ግድ የለም።

ተካ


ኾበር
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተካ፣

ለጥምቀት በሰላም ያድርስዎ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። ሙኒትም ስለምታነበው አፍራለሁ፤ ግን ከእርስዎ በቀር የምነግረው የለኝም።

ያለፈው ሐሙስ ነው። የባባ ጓደኞች መጡ፤ ከእነርሱ ጋር ከጅዳ የመጣ አንድ እንግዳ ነበር፤ እርሱም ዓሣ አጥማጅ ነው። ባባ ሞርሳውን ወደ መጅሊሱ አስወሰዱት። እኔ ወንዶቹ ያሉበት ገብቼ አላውቅም፤ ሻዩን የሚያደርሰው ኸጣብ ነው። ወጥ ቤት ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ያ እንግዳ «እስቲ አንድ ሠርተህ አሳየን፣ አቡ ናስር፤ ከኾበር እስከ ጅዳ ስለ እጅህ ይወራል» አላቸው፤ ባባን አቡ ናስር ነው የሚሏቸው። ኸጣብ ነው በኋላ የነገረኝ። ባባ መንጠቆውን አስነከሱ። ክሩን ጀመሩ፤ ተበጠሰ። እንደገና ጀመሩ፤ ተበጠሰ። ኸጣብ «ሰዉ ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን ያይ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ባባ ጠሩኝ።

ሻሼን አስተካክዬ በር ላይ ቆምኩ። «ነይ ፋና፣ ክሩን ያዢልኝ» አሉኝ። ያዢልኝ ነው ያሉኝ፣ ጋሽ ተካ። እሰሪው አላሉኝም። ቀረብኩና ክሩን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ እንደ ድሮዬ ይዤ ብቆም፣ እርሳቸው በዚያ እጃቸው እንደምንም ያስሩት ነበር። ወይ እኔም እንደ እርሳቸው ክሩን ብበጥሰው ኖሮ «ዛሬ ክሩ ነው ክፉው» ብለው በሳቁ ነበር። ክር መበጠስ ምን ይከብዳል?

እኔ ግን አሰርኩት። ሰዎቹ እያዩኝ ነበር። እኔን ደግሞ ሰው አይቶኝ አያውቅም፤ አራት ዓመት ሙሉ ምግቡን እንጂ ያቀረበውን እጅ ያየ የለም። ላባውን ደረብኩበት፣ አንገቱን እያሽከረከርኩ አሳየኋቸው፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የምጠመጥመው። ስጨርስ እንግዳው «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ወደ ባባ ዞሮ «ለካ የምታድለን የዚህችን ልጅ እጅ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ሁሉም ሳቁ። ባባም ሳቁ። ከአፋቸው በቀር ግን ሌላው ፊታቸው አልሳቀም። እጃቸውን በልብሳቸው እጅጌ ውስጥ ሰበሰቡት።

እኔም ፈገግ አልኩ። ይህን ነው የማልረሳው። ተመስግኜ ፈገግ ብዬ ወጣሁ፤ ወጥ ቤት ስደርስ ነው የሆነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ባባ አልጠሩኝም። ሞርሳውን ኸጣብ ዕቃ ቤት እንዲያስገባው አዘዙት። ቁርሳቸውን ሳቀርብ «ሹክረን» ብለው ያመሰግናሉ፣ ቀና አይሉም። ማዳም ደግሞ እህቷ ወልዳለችና ለጊዜው ደማም፣ ጀለዊያ ሄጄ እንድረዳት ነገረችኝ። በቅጣት እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።

የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም ነበር። ሱቅ ውስጥ ባባ በመጀመሪያ የጠቆሙት ቀላሉን ነው፤ እርስዎ ያሉትን፣ በብሎን የሚጠብቀውን። የሚሽከረከረውን የወደድኩት እኔ ነኝ። ባለ ሱቁ እያየኝ ስለነበር ነው።

ፋና


ደማም፣ አል ጀለዊያ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተካ፣

ጤናዎን ይጠብቅልዎ። ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ መልስ አላየሁም። ሙኒትን ብጠይቃት «ደርሷቸዋል» ብቻ አለችኝ። አፍረውብኝ ከሆነ ልክ ነዎት፤ ግን ዝምታዎ ከቁጣዎ ይከብዳል።

እኔ እዚህ ሕፃን አዝላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። ኸጣብ ዕቃ ሊያደርስ ብቅ ብሎ ነበር። ባባ ወደ ባሕር መውጣት እንደተዉ ነገረኝ። ሐሙስም ጓደኞቻቸው ሲመጡ «አሞኛል» ብለው ከክፍላቸው አይወጡም አለ። እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ኸጣብ ግን «አንቺ ምን አጠፋሽ? የአላህ ሥራ ነው እርጅና» አለኝ። እንዲያ ሲለኝ ባሰብኝ።

ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤአለሁ። ይፍቀዱልኝና እንደዚያ ላድርግ?

ሁለተኛውን መነጽር ልኬአለሁ። ከዚህ የጠነከረ የለም ብለውኛል።

ፋና


ኮምቦልቻ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

ይህን የምትጽፈው ሙኒት ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

አላፈርኩብሽም። ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ግማሹ ላይ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሙኒት የቀረውን ለመጨረስ ብዙ ቀን ለመነችኝ። ያፈርኩት በራሴ ነው።

መነጽሩ ለአንድ ሰው ነው ብዬሽ ነበር። ሰውየው እኔ ነኝ። የዓይኔ ነገር ለእናትሽ ዘመዶች እንዳይደርስ ነው እንዲያ ያልኩት። ሁለተኛውም አልረዳኝም። ያለፈውን ደብዳቤ በራሴ እጅ ስጽፍ መስመሩን በጣቴ እየዳበስኩ ነበር።

መኳንንትን ታስታውሺዋለሽ? አንቺ እዚህ ሳለሽ ዘይት የሚጠርገው ልጅ ነበር፤ ዛሬ ቶርኖ ቤቱን ይዞታል። አምና ለወፍጮ ቤት ዘንግ ስቆርጥ ልኩን ሳትኩ። መኳንንት አየ፤ አልተናገረም። እኔ ምሳ ስወጣ አዲስ ቆርጦ አስቀመጠ። ባለ ወፍጮው መጥቶ «የጋሽ ተካ እጅ አያረጅም» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ዘንጉን በእጄ ስዳብሰው የእኔ እንዳልሆነ አወቅሁ። ግን «ተመስገን» ብዬ ምስጋናውን ወሰድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶርኖ ቤቱን አልረገጥኩም። መኳንንት በየበዓሉ ይመጣል፤ ዳቦ ያመጣል፣ ጉልበቴን ይስማል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። ስለ ብረት አንዲት ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እንዳያሳፍረኝ ነው፤ ልጁ ደግ ነው። ደግነቱ ግን ቤት ውስጥ አስቀምጦኛል።

አንቺ ስለ ሞርሳ ስትጽፊልኝ ሌላ ነገር ነበር። ያን ዕለት ሙኒትን ሞረዱን ከሳጥን አውጪ አልኳት። እጄ ላይ ይዤው ነው መልሱን የጻፍኩልሽ።

ስለዚህ የምልሽን ስሚ። ለሽማግሌው ይቅርታ አትጠይቂያቸው። እግራቸው ላይ ብትወድቂ ያን ሐሙስ ደግመሽ ታሳዪያቸዋለሽ፤ «ምንም አይደለም» ማለት ይገባቸዋል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ባይሆን ጥያቄ ጠይቂያቸው። የውሸት ጥያቄ አይሁን፤ ሽማግሌ የውሸት ጥያቄ ያውቃል። በእውነት የማታውቂውን፣ እርሳቸው ግን የሚያውቁትን ፈልጊ። ከሌለሽ አትሂጂ።

ተካ

ፋንዬ፣ ይቺን የምጨምራት እኔ ሙኒት ነኝ፤ አላነበብኩላቸውም። ደሴ ሐኪም አይቷቸው ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አለ። «በሰው እጅ እየተመራሁ ሁለተኛ ደሴ አልገባም» ብለው ቀሩ። እንድታውቂው ያህል ነው።


ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተካ፣

የሁዳዴው ማብቂያ በጤና ያግኝዎ። ወደ ኾበር ተመለስኩ። ለዒድ እንግዳ ስለሚበዛ ማዳም አስጠራችኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላም «ተመለሺ» ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደማም ሳለሁ ጥያቄ ስፈልግ ከረምኩ። የማገኘው ሁሉ የውሸት ነበር። «ክሩ የቱ ይሻላል?» ልላቸው አሰብኩ፤ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን የሕፃኑን ልብስ ሳሰጣ አንድ ነገር መጣልኝ። ስንት ዓሣ በላባ ሠርቻለሁ፤ ዓሣ ሲዋኝ ግን አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ያየሁት ገበያ ላይ የተጋደመውን ነው። እዚህም ባሕሩን ከመኪና መስኮት እንጂ ቀርቤ አላየሁትም።

ባባ ከሳ ብለዋል። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕቃ ቤት ገብቼ ሞርሳውን አወጣሁ። ያ ዝንብ መንጋጋው ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ወስጄ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ባባ፣ ይህ ነገር ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። «እኔ ዓሣ ሲዋኝ አይቼ አላውቅም።»

መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ። እኔም ቆሜ ቆሜ ሞርሳውን አነሣሁና ገባሁ። ጋሽ ተካ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ያን ቀን ምክርዎን ረገምኩት።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ባባ ኸጣብን ጠርተው «መኪና አውጣ» አሉት። ማዳም «ወዴት ነው?» ስትላቸው «ይቺ ልጅ ዓሣ አላየችም» አሏት። ሞርሳውንና የላባውን ሣጥን አብረን ጫንን።

ባሕሩ ዳር ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ኸጣብ ባባን በክንዳቸው ሊደግፋቸው ሲል ክንዳቸውን ነጠቁት፤ ቀስ ብለው ራሳቸው ወረዱ። ዝንቡን ክር ላይ ያሰረላቸው ኸጣብ ነው። ባባ ውኃው ውስጥ ጣሉትና ክሩን ሳብ፣ ሳብ አደረጉት። እኔ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ።

ዝንቡ በጎኑ ተጋደመ። እንደ ሞተ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ እየተሽከረከረ መጣ።

«አየሽ?» አሉኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«በአንድ ጎኑ ላባ አብዝተሽበታል። እንዲህ ያለውን ከንአድ አይነካውም።»

ከውኃ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ገልብጬ አየሁት። እውነት ነው፤ አንደኛው ጎን ወፍራም ነው፣ ሌላው ሳስቷል። ያ ወፍራሙ መጅሊሱ ውስጥ ሰዎቹ በተቀመጡበት በኩል የነበረው ነው። ለሚያዩኝ ሰዎች ያሳመርኩት ጎን። አንገቱን እያሽከረከርኩ ሳሳያቸው እንኳ ያን ጎን አዘግይቼ አሳይቼ እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ያን ዕለት አይተውት ነበር?»

«ገና ስታስሪው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ባባ ክሩን እየጠቀለሉ ነበር። «ሰው ፊት?» አሉኝ።

ኸጣብ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ሳቁ ሁሉ ወደኔ ይዞር ነበር፤ የእርሳቸውም እጅ ይረሳ ነበር። እያወቁ ነው የተሳቀባቸው። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባባ እንዳለቅስ ተዉኝ፤ ሲበቃኝ «ነይ ፍቺውና እንደገና እሰሪው» አሉኝ። የመኪናውን ኋላ ከፍተን ሞርሳውን እዚያ አስቀመጥነው። እርሳቸው አጠገቤ ቆመው በአገጫቸው ያሳዩኛል፤ «ከዚህ ቀንሺ፣ እዚያ አንድ ብቻ ጨምሪ፣ ቸኮልሽ።» የመጀመሪያው አሁንም ተጋደመ። የሚቀጥለውም ወደ አንድ ጎን ሳተ። ከዚያ ያሰርኩት ግን ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ጅራቱን እያወዛወዘ። ዓሣ እንደዚያ ነው ለካ የሚዋኘው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ባይሆንም እንወጣለን። ሐሙስ ዕለት መጅሊስ ገብተው ነበር። ምን እንደተባለ ኸጣብም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የዓይንዎን ነገር ሰምቻለሁ። ስለ እርሱ ዛሬ አልጽፍም።

የምጽፍልዎት ስለ ሌላ ነው። የባሕሩ ውኃ ጨዋማ ነው፤ ነፋሱም ጨው ይዞ ነው የሚነፍሰው። ሞርሳውን ወደዚያ መውሰድ ከጀመርን ወዲህ የአንገቱ ብሎን እየጠጠረ መጥቷል። ትናንት ጭርሱን አልዞርም አለ። ኸጣብ በመዶሻ መታ መታ ላድርገው አለ፤ ከለከልኩት። የሞተር ዘይት ቀባው፤ ለውጥ የለውም። መንጋጋውም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አይቻለሁ። ባባ ስለ ዓሣው ያውቃሉ እንጂ ስለ ብረቱ እንደማያውቁ ነገሩኝ። ብረት እንዲህ በጨው ሲያዝ ገጥሞዎት ያውቃል? ላሙቀው? ናፍጣ ውስጥ ላሳድረው? ፈትቼ ብከፍተው መልሼ መግጠም እችል ይሆን፣ ወይስ ከመኳንንት ጋር ተነጋግረው ቅደም ተከተሉን ይነግሩኛል?

ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። በስልክ ካልታየዎ ሙኒት በቃል ትንገርዎት፤ የብሎኑ ራስ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ከሥሩ ቀለበት አለበት። መልሱን እንዳያዘገዩብኝ። ባባ ከነገ ወዲያ መውጣት ይፈልጋሉ፤ ሞርሳው ሳይፈታ አልወጣም ብያቸዋለሁ፣ እየጠበቁ ነው።

ፋና